ከመለቀቁ በፊት፦ የመማሪያ ሶፍትዌርን መሞከርና ባግን በአግባቡ ማሳወቅ



አሳይመንት የምንልክበት፣ ኦንላይን ኩዊዝ የምንፈተንበት፣ መምህሩ የጫነውን ሃንድአውት የምናወርድበት ገጽ ከየት እንደመጣ የምንጠይቀው አንድ ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ኩዊዙ መሀል ላይ ሲቋረጥ፣ ስማችን በሳጥንና በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ሲወጣ፣ በትክክል የመለስነው «ስህተት» ሲባል እናማርራለን። ምሬቱ ግን ካፌ ውስጥ ሻይ እየተጠጣበት እዚያው ይቀራል። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ሰዎች ዘንድ አይደርስም። በሚቀጥለው ሴሚስተርም ያው ችግር ይጠብቀናል።

የዛሬው ትምህርት ይህን ምሬት ወደሚጠቅም ሥራ ስለመቀየር ነው። ሶፍትዌር ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት በፈቃደኝነት መሞከር፣ የተገኘውንም ስህተት ሠሪዎቹ ሊያስተካክሉት በሚችሉት መልክ ጽፎ መላክ ማለት ነው። ኮድ መጻፍ አይጠይቅም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ መሆንም ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም የነርሲንግ ወይም የአካውንቲንግ ተማሪ ፕሮግራመሩ ያላሰበውን ቦታ የመንካት ዕድሉ ይሰፋል። ለምሳሌ የምንወስደው ሙድልን ነው። በአገራችን ካምፓሶች ብዙዎቻችን ስሙን እናውቀዋለን፤ የሙከራ ሥርዓቱም ለማንም ክፍት ነው።

ሙድል እንዴት እንደሚለቀቅ

ሙድልን የጀመረው ማርቲን ዱጊያማስ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው ከከተማ በራቀ በረሃማ አካባቢ ሲሆን ትምህርቱን ይከታተል የነበረው በሬዲዮ በሚሰጥ የርቀት ትምህርት ነበር። ኋላ ፐርዝ በሚገኘው ከርቲን ዩኒቨርሲቲ በገንዘብ የሚገዛ የኦንላይን ትምህርት ሶፍትዌር ያስተዳድር ነበር፤ በዚያ ባለመርካቱ የራሱን መሥራት ጀመረ። የሙድል 1.0 እትም የወጣው እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 2002 ነው። ኮዱ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ስለሚሰራጭ ማንም ሰው ማውረድ፣ ማየት፣ መቀየርና የቀየረውን መልሶ ማሰራጨት ይችላል።

ዛሬ ዋና እትሞች በዓመት ሁለት ጊዜ ይወጣሉ። 4.5 የወጣው በኦክቶበር 2024፣ 5.0 ደግሞ በኤፕሪል 2025 ነው። ከእትሞቹ አንዳንዶቹ ረጅም ድጋፍ የሚሰጣቸው ናቸው። 4.5 ከነዚህ አንዱ ሲሆን የጸጥታ ማስተካከያ የሚያገኘው ለሦስት ዓመት ነው። ይህ ነጥብ ለእኛ ትልቅ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በየስድስት ወሩ ሶፍትዌር አይቀይሩም፤ አንዴ የጫኑትን ይዘው ይቆያሉ። ስለዚህ ከመለቀቁ በፊት ሳይታይ ያለፈ ስህተት አንድ ባች ገብቶ እስኪመረቅ ድረስ አብሮት ሊኖር ይችላል።

እያንዳንዱ ዋና እትም ከመውጣቱ ሳምንታት በፊት አዲስ ነገር መጨመር ይቆምና የሙከራ ጊዜ ይጀምራል። ቤታ የሚባል እትም ይወጣል፤ ቀጥሎ ለመለቀቅ እጩ የሆነው ይመጣል። በዚህ ወቅት ትራከር በሚባለው የሥራ መከታተያ ላይ የሙከራ ዝርዝሮች ይለጠፋሉ። እያንዳንዱ ዝርዝር «እንደ መምህር ግባ፤ ይህን ክፈት፤ ይህን ጫን፤ እንዲህ መታየት አለበት» እያለ እርምጃ በእርምጃ ይሄዳል። ፈቃደኛው አንዱን ይመርጣል፣ የተባለውን ያደርጋል፣ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ብሎ ይመዘግባል። ከወደቀ አዲስ የባግ ሪፖርት ይከፍትና ከዚያ ሙከራ ጋር ያያይዘዋል። ሥራው ይኸው ነው።

ማሽን የማያየው

«ይህን ኮምፒውተር ራሱ አይሠራውም ወይ?» የሚል ካለ ጥያቄው ተገቢ ነው። በእርግጥም አብዛኛውን ይሠራል። ቢሃት የሚባል መሣሪያ ብራውዘር ከፍቶ እንደ ሰው ቁልፎችን እየተጫነ በሺዎች የሚቆጠሩ እርምጃዎችን ይፈትሻል። ድሮ በእጅ ይሠሩ ከነበሩት ሙከራዎች ብዙዎቹ ወደዚህ ስለተዛወሩ ለሰው የሚቀረው ዝርዝር እያጠረ መጥቷል። ማሽኑ የሚያየው ግን እንዲያይ የተነገረውን ብቻ ነው። «ላክ» የሚለው ቁልፍ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ቁልፉ ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከሳጥኑ ወጥቶ መቆረጡን አይቶ አይገረምም።

የእኛ ድርሻ እዚህ ላይ ይመጣል። ፐርዝ ወይም ባርሴሎና ቢሮ የተቀመጠ ጎበዝ ፕሮግራመር የግዕዝ ፊደል በኪቦርድ ጽፎ የማየት ልማድ የለውም። ልንወቅሰውም አንችልም። እኛ ካልሞከርነው በአማርኛ የሚሞክርለት ሰው ከየት ይመጣል?

አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። መምህሩ የአጭር መልስ ጥያቄ አዘጋጅቶ ትክክለኛውን መልስ «ፀሐይ» ብሎ አስገባ። ተማሪዋ «ጸሀይ» ብላ መለሰች። ለኛ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን «ፀ» እና «ጸ» በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ምልክቶች ናቸው፤ «ሐ» እና «ሀ»ም እንዲሁ። መልሱ ስህተት ተብሎ ዜሮ ይሰጣታል። አሁን ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩት፦ የመጀመሪያው ፊደል በ2 ዓይነት፣ የመካከለኛው በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ በ6 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በድምሩ 12 አጻጻፍ ይሆናል። መምህሩ 12ቱንም ካላስገባ በፊደል ምርጫ ምክንያት ማርክ የሚያጣ ተማሪ ይኖራል። ፈተና እንጂ የፊደል ውድድር አልነበረም።

የስም ፍለጋም ያው ጣጣ አለበት። «ሐሰን»፣ «ሀሰን»፣ «ሃሠን» ተብለው የተመዘገቡ ሦስት ተማሪዎች ካሉ አንዱን ፈልጎ ሌላውን ማግኘት አይቻልም። ለዐይኑ «ዐ» ወይም «አ» የሚባለውማ የዐብዱልቃዲሮችና የዓኢሻዎች የዘወትር ፈተና ነው። የስም አደረጃጀቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩ የሚጠይቀው ስምና የቤተሰብ ስም ሲሆን እኛ በሁለተኛው ሳጥን የምናስገባው የአባታችንን ስም ነው። ዝርዝሩ በቤተሰብ ስም ሲደረደር ክፍሉ በሙሉ በአባት ስም ይሰለፋል። መምህሩም የሚያውቀውን ተማሪ ሲፈልግ ዓይኑ ይደክማል።

ሰዓቱንም አትርሱ። ኩዊዙ የሚዘጋው «12:00» ላይ ነው ሲባል በኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት ይሁን ሌሊት 6 ሰዓት ወይስ ማታ 12 ሰዓት የሚለውን ያደናገረው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ከዚህም በላይ የተማሪው ፕሮፋይል ላይ የሰዓት ቀጠናው የግሪንዊች ሆኖ ከቀረ የሚያየው ሰዓት ከአዲስ አበባ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይሆናል።

ከነዚህ ውስጥ የትኛው ባግ ነው? ቴስተር የሚማረው ትልቁ ነገር ይህን መለየት ነው። የሰዓት ቀጠናው ጉዳይ የሴቲንግ ጉዳይ ነው፤ አስተዳዳሪው ያስተካክለዋል፤ ሠሪዎቹን ማስቸገር አያስፈልግም። የ«ፀሐይ» ጉዳይ ሶፍትዌሩ እሠራለሁ ያለውን በትክክል ሠርቶ፣ የሚሠራው ግን ለኛ ቋንቋ የማይበቃ ሆኖ መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለው በማሻሻያ ጥያቄነት ይመዘገባል። የተቆረጠው ቁልፍ ደግሞ ባግ ነው። ማሻሻያውን «ባግ» ብላችሁ ከላካችሁት አንድ ሰው «ይህ ባግ አይደለም» ብሎ ይዘጋዋል። እውነቱን ነው፤ ችግሩ ግን ሳይፈታ ይቀራል።

ከቀኝ ወደ ግራ

በጀማዓችን ውስጥ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ችሎታ አለ። ከመድረሳና ከመስጂድ ቂርአት ጀምሮ ዐረብኛ ማንበብ የለመድን ብዙ ነን። ሙድል ዐረብኛ ሲመረጥ ገጹን በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይገለብጠዋል፤ ማውጫው፣ ቀስቶቹ፣ የሂደት ማሳያ አሞሌዎቹ ሁሉ ጎን ይቀይራሉ። አዲስ ገጽ በተሠራ ቁጥር አንድ ነገር ሳይገለበጥ መቅረቱ የተለመደ ነው። «ቀጣይ» የሚለው ቀስት ወደ ኋላ ያመለክታል፤ የተመረጠው ሳጥን ከጽሑፉ ላይ ይደረባል። ዐረብኛ የማያነብ ሰው ገጹን ሲያየው ሁሉም ነገር እኩል እንግዳ ስለሚሆንበት ስህተቱን ከትክክሉ አይለይም።

ከዚያም ይበልጥ የሚያስቸግረው ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ መስመር ሲገናኙ ነው። በአማርኛ አረፍተ ነገር መሀል የዐረብኛ ቃል ቢገባና ከሱ ቀጥሎ ቁጥር ቢመጣ ቁጥሩ ቦታ ቀይሮ ከዐረብኛው በስተግራ ሊታይ ይችላል። የፈተና ጥያቄ ላይ እንዲህ ቢሆን የትኛው ቁጥር የየትኛው እንደሆነ ይምታታል። በነገራችን ላይ ሙድል ከ2.6 እትም ጀምሮ ሌላ የዘመን አቆጣጠር በፕለጊን እንዲገባበት ይፈቅዳል፤ የሂጅራ አቆጣጠር ፕለጊንም አለ። ቀኑን ከእጃችን ካለው ካላንደር ጋር ማመሳከር ለኛ ቀላል የሙከራ ሥራ ነው።

የት ይሞከራል?

በዩኒቨርሲቲያችሁ ገጽ ላይ እንዳትሞክሩ። ያ ገጽ የሰው ማርክና የሰው አሳይመንት የያዘ ነው። መሞከሪያው ሌላ ነው። ሙድል ራሱ «ሳንድቦክስ» የሚባል የመለማመጃ ገጽ አለው፤ በየሰዓቱ ከባዶ ስለሚጀምር ምንም ብታበላሹ አይቀርም። (የሠራችሁትም እንደሚጠፋ አስታውሱ፤ ስክሪንሾት ቶሎ አንሱ።) ቅድመ እትሞቹን ለመሞከር ግን የተሻለው የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ መጫን ነው። ዛምፕ የመሰለ ፓኬጅ ካለ ሙድልን አንዴ በካምፓስ ዋይፋይ አውርዶ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ዶርም ውስጥ መሥራት ይቻላል። ላፕቶፕ የሌላችሁ ጓደኛ ያለውን ተጋሩ፤ አንዱ መምህር ሌላው ተማሪ ሆኖ መግባቱ ለሙከራው ራሱ ይጠቅማል።

ኔትወርክ ሲቆራረጥ ምን እንደሚሆን መሞከር ደግሞ ለኛ ከምንም በላይ የሚያስፈልግ ነው። ክሮምና ፋየርፎክስ ውስጥ ያለው የዴቨሎፐር መሣሪያ ኢንተርኔቱን ሆን ብሎ ቀርፋፋ ማድረግ ወይም ማቋረጥ ያስችላል። ኩዊዝ ጀምሩ፤ ሁለት ጥያቄ መልሱ፤ ግንኙነቱን ቁረጡት። ሙድል በነባሪ ሴቲንጉ መልሶችን በየአንድ ደቂቃው ገደማ በራሱ ያስቀምጣል፤ ማስቀመጥ ሲያቅተው ግንኙነቱ መቋረጡን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ማስጠንቀቂያው መጣ? በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ? በስልክ ስክሪን ላይ ሙሉ በሙሉ ይታያል ወይስ ከኪቦርዱ ሥር ተደብቋል? ግንኙነቱ ሲመለስ መልሶቹ አሉ? ፈተና ላይ መብራት የጠፋበት ተማሪ ማርክ በነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ይህን ልምድ ደግሞ ማንም ከኛ በላይ አያውቀውም።

ሪፖርቱን መጻፍ

ፑቲ የሚባለውን ፕሮግራም የጻፈው ሳይመን ታተም እ.ኤ.አ. በ1999 ባግ እንዴት እንደሚገለጽ የሚያስተምር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ዋና ሐሳቡ ፕሮግራመሩ ስህተቱ በራሱ ዓይን ፊት ሲፈጸም ማየት አለበት የሚል ነው። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ማሳየት ካልቻላችሁ የምትጽፉት ነገር እሱን ወደዚያ ቦታ የሚያደርስ መንገድ መሆን አለበት።

«አሳይመንት አይሠራም። በጣም አስቸግሮናል፤ እባካችሁ አስተካክሉ።» እንዲህ ያለ ሪፖርት የጻፈው ሰው ተቸግሯል፤ አንባቢው ግን ከዚህ ውስጥ የሚይዘው ነገር የለም። የትኛው ገጽ? ማን ሆኖ? ምን ሲጫን? ምን መጣ?

አሁን ለልምምድ አንድ ምሳሌ እንፍጠር፤ ሙድል ላይ አለ ለማለት አይደለም። ርዕሱ «መምህሩ የተላኩትን አሳይመንቶች በአንድ ዚፕ ሲያወርድ በአማርኛ የተሰየሙ ፋይሎች ስም ይበላሻል» ይላል። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ያውቃል። ቀጥሎ እርምጃው ይመጣል፦

«1. እንደ መምህር ገብቼ አንድ አሳይመንት ፈጠርሁ፤ ፋይል መላክ እንዲቻል አደረግሁ። 2. እንደ ተማሪ ገብቼ ‹ሥራ አንድ› የሚል ስም ያለው የፒዲኤፍ ፋይል ላክሁ። 3. እንደ መምህር ተመልሼ ሁሉንም የተላኩ ሥራዎች የሚያወርደውን ምርጫ ተጫንሁ። 4. የወረደውን ዚፕ ከፈትሁ። የጠበቅሁት፦ የፋይሉ ስም ‹ሥራ አንድ› ሆኖ ማግኘት። ያገኘሁት፦ ስሙ ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ተተክቷል፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ግን ደህና ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። በእንግሊዝኛ የተሰየመ ፋይል ችግር የለበትም።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት አረፍተ ነገሮች ልብ በሉ። አንደኛው ስህተቱ ሁልጊዜ የሚመጣ መሆኑን፣ ሁለተኛው ድንበሩን ይናገራል። ከዚህም አንድ እርምጃ መሄድ ይቻላል። ያንኑ ዚፕ በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት። በሰቨን ዚፕ ስሙ ደህና ሆኖ ከታየና በሌላው ብቻ ከተበላሸ ጥፋቱ የመክፈቻው ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ያንን ሳትሞክሩ ብትልኩ ኖሮ አንድ በጎ ፈቃደኛ ግማሽ ቀኑን የሌለ ስህተት ሲፈልግ ያሳልፍ ነበር። የሰው ጊዜም አማና ነው።

ከእርምጃዎቹ ጋር አብሮ የሚሄድ መረጃ አለ። የሙድሉ እትም ከነግንባታ ቁጥሩ (አስተዳዳሪ ሆናችሁ ስትገቡ የማሳወቂያዎች ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ)፣ ብራውዘሩ፣ ኮምፒውተር ይሁን ስልክ፣ የተመረጠው ቋንቋ፣ የገባችሁበት ሚና። የስህተት መልእክት ካለ በራሳችሁ ቃል አትተርኩት፤ እንዳለ ገልብጡት። ስክሪንሾት ጥሩ ነው፤ ግን የጓደኛችሁ ስምና ኢሜይል እንዳይታይ አድርጉ። ትራከሩ ለመላው ዓለም ክፍት ስለሆነ አንዴ የወጣ ነገር አይመለስም። አንድ ሪፖርት አንድ ባግ ብቻ ይያዝ። ሁለት ችግር አንድ ላይ ከታጨቀ አንደኛው ሲፈታ ሪፖርቱ ይዘጋና ሁለተኛው ተረስቶ ይቀራል።

የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ብዙዎችን ያስፈራል፤ ምክንያት ግን የለውም። ከላይ እንዳያችሁት አረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ደረቅ ናቸው። ቅኔ የሚፈልግ የለም። የአማርኛውን ቃል እንዳለ በግዕዝ ፊደል አስቀምጡና አጠገቡ ምን ማለት እንደሆነ ግለጹ። አንባቢው ገልብጦ ራሱ እንዲሞክረው ያስችለዋል።

ከመላካችሁ በፊት ግን ፈልጉ። ያንኑ ነገር ሌላ ሰው አስቀድሞ አሳውቆ ሊሆን ይችላል። ካለ አዲስ አትክፈቱ፤ በነበረው ሥር «በ5.0ም በአማርኛ ተመሳሳይ ነው፤ እርምጃው ይኸው» ብላችሁ ጨምሩ፤ ድምፅ ስጡት፤ ተከታተሉት። ከአሥር ድግግሞሽ አንድ የዳበረ ሪፖርት ይሻላል።

ከተላከ በኋላ

መጀመሪያ የሚያነበው ሰው ሪፖርቱን ይመዝናል፤ ክብደቱን ይወስናል። ሥራውን ጨርሶ የሚያግድ ነው ወይስ ጥቃቅን የሚባል? እናንተ ከሰጣችሁት ዝቅ ቢያደርገው አትከፉ፤ ከፊቱ ሌሎች ብዙ ተሰልፈዋል። አንድ ሰው ወስዶ ካስተካከለው ሌላ ፕሮግራመር ኮዱን ይገመግማል፤ ከዚያ ከዋናው ኮድ ጋር ይዋሐዳል፤ ሦስተኛ ሰው ደግሞ በተጻፈው የሙከራ መመሪያ መሠረት በእርግጥ መስተካከሉን ያያል። ይህ ዑደት በየሳምንቱ ይዞራል።

«እንደገና ማየት አልቻልንም» የሚል መልስ ከመጣ ስድብ አይደለም። ያልነገራችሁት አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ምናልባት ቋንቋው፣ ምናልባት የስልኩ ዓይነት። ተመልሳችሁ ሞክሩና ጨምሩ። ብዙ ሪፖርት እዚህ ላይ የሚሞተው ጻፊው ዳግም ስለማይመለስ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ለዓመታት ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በተለይ የሚጠቀሙበት ሰዎች ጥቂት ከመሰሉ። ድምፅ የመስጠቱ ነገር ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው። አንድ የአማርኛ ጥያቄ ላይ አንድ ሰው ብቻ ካለ የአንድ ሰው ችግር ይመስላል።

ቀዳዳ ስታገኙ

ስትሞክሩ የኩዊዙን መልስ ከፈተናው በፊት የሚያሳይ፣ ወይም የሌላ ተማሪን ማርክ የሚከፍት መንገድ ብታገኙስ? ይህ ከተራ ባግ የተለየ ነው። በግልጽ መለጠፍ ለሚያጭበረብር ሁሉ ቁልፍ ማደል ነው። ሙድል ትራከር ላይ ሪፖርቱን የጸጥታ ጉዳይ ብሎ ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ የሚያዩት የተወሰኑ ሰዎች ብቻ ናቸው። ማስተካከያው ከወጣና የተመዘገቡ ገጾች አስተዳዳሪዎች አስቀድመው ከተነገራቸው በኋላ ነው ዝርዝሩ ለሕዝብ የሚገለጸው። እስከዚያ ለሩምሜትም ቢሆን አይነገርም።

ዝም ብሎ መጠቀምስ? ማንም አላየኝም ማለት ለኛ መልስ እንደማይሆን እናውቃለን። ያልሠሩበትን ማርክ መውሰድ ኩረጃ ነው፤ ቀዳዳውን ያገኘነው በራሳችን ጥረት መሆኑ አይለውጠውም።

«ላረጋግጥ» ብሎ የዩኒቨርሲቲውን ሰርቨር መነካካትም እንዲሁ አይፈቀድም። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል፤ ዓላማዬ በጎ ነበር ማለት ከፈቃድ አይቆጠርም። ላፕቶፓችሁ ላይ በጫናችሁት ሙድል ያንኑ አረጋግጡ። የካምፓሳችሁ ገጽ ተጋላጭ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ለአይሲቲ ክፍሉ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የላካችሁበትንም ቀን ያዙ።

ለዚህ ሳምንት ልምምድ

ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተሰብሰቡ። ቋንቋውን ወደ አማርኛ ቀይሩ፤ አማርኛ በሙድል የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አለ። አንዳችሁ መምህር ሁኑና አምስት የአጭር መልስ ጥያቄ በአማርኛ አዘጋጁ፤ ሌሎቻችሁ የየራሳችሁን አጻጻፍ ሳትቀይሩ መልሱ። ስንት ትክክለኛ መልስ ስህተት እንደተባለ መዝግቡ። ቀጥሎ ዐረብኛ ምረጡና የኩዊዙን ገጽ ከላይ እስከ ታች በስልክም በኮምፒውተርም እዩት። ቦታውን የሳተ ነገር ካለ ስክሪንሾት አንሱ።

ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉና በቦታው ላልነበረ ጓደኛ ስጡት። ሳይጠይቃችሁ እርምጃውን ተከትሎ ያንኑ ስህተት ካገኘ ትራከር ላይ አካውንት ክፈቱ፣ መጀመሪያ ፈልጉ፣ ከሌለ ላኩት። መሀል ላይ ቆሞ «ከዚህ በኋላስ ምን ልጫን?» ካላችሁ ያቆመበትን እርምጃ አስተካክላችሁ ለሌላ ሰው እንደገና ስጡ።